በአመድ የተፈተገው ፉርጎ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሱቄ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ የፕላስቲክ አውሮፕላን አስቀመጠ። ርዝመቷ ከክንድ አይበልጥም። ቁርጥራጯን በሙጫ እያያዘ ራሱ ነው የገጣጠማት፤ እጁን አልነቅፍም፣ ጥሩ ሠርቷል። በሌላው እጁ ደግሞ የሚረጭ የብር ቀለም ይዟል።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይቺን ይርጩልኝ። እውነተኛ ብረት እንድትመስል ነው የምፈልገው» አለኝ።

«ብረት እንድትመስል ነው ወይስ የከረሜላ ወረቀት?» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በሌላው ነገር ሁሉ ቀልድ እወዳለሁ፤ በዚህ ላይ ግን አልችልም። እዚህ ሰመራ የሱቅ ሰሌዳ እጽፋለሁ፣ የመኪና በር ላይ የባለቤቱን ስም እጽፋለሁ፣ የውኃ ታንከር እቀባለሁ። ዕድሜዬ ስልሳን አልፏል፤ ጉልበቴ መሰላል ላይ አልወጣም ካለ ሰነበተ፣ ዓይኔ ግን አሁንም ይሠራል። ልጁን አስቀመጥኩና ባዶ ብረት ማለት ምን እንደሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩበት። መጨረሻ ላይ «ማን አስተማረዎት?» አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምናገረው። አሁን ግን ትንሽ አመነታሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ከአሰብ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ሰርዶ ላይ ቆመው ሻይ ይጠጡና ወደ ታች ወደ አዳይቱ ይነጉዱ ነበር እንጂ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ማንም ጉዳይ አልነበረውም። ከተማችን አዋሽ ነበር። አባቴ ሰዒድና እናቴ ሐዋ ከወሎ መጥተው ከጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፍተዋል። ባቡር ሲመጣ ጮርናቄና ሻይ በመስኮት እያቀበልን እንሸጣለን፤ ወቅቱ ሲሆን ደግሞ ሀባብ የምንለውን ከርቡሽ ቆርጠን በሰሃን እንደረድራለን። ባቡሩ ሲሄድ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ ዝንቡና ሙቀቱ ብቻ ይቀራሉ።

ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ናዝሬት አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ማትሪክ ተፈተንኩ፤ ነጥቤ አልሞላም። ወደ አዋሽ ተመልሼ ሻይ ቀጂ ሆንኩ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን እችል ነበር፦ ፊደል። የቀበሌውን መፈክር የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በቀይ ቀለም «ወደፊት!» የሚለውን ቃል በስንት ግድግዳ ላይ እንደጻፍኩ አላህ ይቁጠረው። ወዴት እንደሆነ ግን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር፤ አባቴ ነው የሚያውቀው። አሳይታ የእናቴ ወንድም ሱቅ አለው። ሱቁ አጠገብ ደግሞ ጨው የሚነግድ፣ ሁለት መኪና ያለው፣ ሚስት የሚፈልግ ሰው አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አንዴ መጥቶ አይቼዋለሁ፤ ሻይውን ጠጥቶ «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ አመስግኖ ሄደ። ብቻ ከሱ ጋር ኖሬ ማርጀት አልፈለግሁም። የምፈልገው እጄ የሚያውቀውን መሥራት ነበር፤ በቃ።

አንድ ቀን ከድሬዳዋ ሼፍ ታደሰ መጣ። ምድር ባቡር ውስጥ አለቃን ሁሉ ሼፍ ነው የሚሉት። ይኸኛው የቀለም ክፍሉ አለቃ ነው፤ ወፍራም፣ ነጭ ጢም ያለው፣ የሚያጉረመርም ሰው። የጣቢያውን ምልክቶች ሊያስቀባ ነበር የመጣው። ቀበሌው በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አይቶ «ይሄን ማነው የጻፈው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሰዎቹ ወደ ሻይ ቤታችን ላኩት።

«ሼፍ፣ ቀቢ አትቀጥሩም?» አልኩት።

«ሴት?»

«እጅ ነው የሚቀባው።»

አየኝ። ከሻንጣው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ከእንጨት የተቀረጸ ታንከር ፉርጎ ነው፤ ከነጎማው እንዳልል ባቡር ጎማ የለውም፣ ከነብረት እግሩ፣ ከነመሰላሉ፣ ከነቧንቧው። ርዝመቱ ሁለት ስንዝር። በጉዞ ላይ እንጨት መቅረጽ ሱሱ ነበር። በጣቱ ወደ ሐዲዱ ጠቆመ። ጥግ ላይ ውኃ ወደሌላቸው ጣቢያዎች ውኃ የሚያመላልሰው ፉርጎ ቆሟል። ቀለም የሚባል አልነካውም፤ ባዶ አልሙኒየም ነው።

«በኛ ቤት አዲስ ቀቢ በትልቁ አይጀምርም» አለ። «ይቺን ወስዶ ያንን አስመስሎ ይመልሳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። ሳየው አልሙኒየም ነው ብዬ ከተሳሳትኩ ሥራው ያንቺ ነው። ካልተሳሳትኩ ሻይሽን ጠጥቼ እሄዳለሁ።»

አባቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ሰምቷል። ማታ እራት ላይ ብዙ ካሰበ በኋላ «እሺ። ከተቀበለሽ ትሄጃለሽ። ካልተቀበለሽ ግን ከአረፋ በኋላ አሳይታ ነው፤ ሌላ ክርክር የለም» አለ። እናቴ ቁራሽ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንኛውም ሞኝ የሚያደርገውን ነው። ከጣቢያው ሠራተኞች ለምድጃ ጭስ ማውጫ የሚቀቡትን የብር ቀለም ለመንኩና ለቀለቅሁት። ሲደርቅ አስቀያሚ ሆነ! ባልለሰለሰው እንጨት ላይ ያለው ጭረት ሁሉ ወጥቶ ታየ። የብር ቀለም ገበና አይደብቅም፤ ሌላ ቀለም የሚሸፍነውን እሱ ለጎረቤት ያወራል። አባቴ አየውና «ብረት እንዲመስል ከፈለግሽ ለምን ከቆርቆሮ አትሠሪውም?» አለኝ። የማይረባ ጥያቄ መስሎኝ ተናደድኩ። ኋላ ግን ገባኝ፤ ከቆርቆሮ ቢሠራ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው። ትንሽ ነገር ትልቁን እንዲመስል እውነተኛው ብረት ራሱ አይበቃም።

በስባሪ ጠርሙስ ሁሉንም ፋቅሁት። ጀሶና ኮላ ለውሼ ቀባሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ እንደገና ቀባሁ፣ እንደገና አለሰለስኩ። አምስት ጊዜ። በጣቴ ስነካው እንቁላል እስኪሆን ድረስ። ከዚያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ከሥር አለበስኩት፤ ይሄን የነገረኝ አንድ የጣቢያው ቀቢ ነው፣ ብር ከጥቁር በላይ ሲሆን ጥልቀት ያገኛል ብሎ። የብር ቀለሙን በአኳራጅ እንደ ውኃ አቅጥኜ በጨርቅ እየነካካሁ በስሱ ጣልኩበት። የአዋሽ አቧራ ደግሞ እርጥብ ቀለም ይወዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የሰው ዓይን እንኳ አይተርፍም። ስለዚህ የምሠራው ጎህ ሲቀድ፣ ዕቃ ማጓዣው ባቡር ከመድረሱ በፊት ነው፤ እንደጨረስኩ የእናቴን ትልቅ ሳፋ ደፍቼበት ወደ ሻይ እመለሳለሁ።

አሁን ለስላሳ ሆነ፤ ግን አሁንም ብረት አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ አላውቅም። ትልቁን ፉርጎ ሄጄ አየዋለሁ፣ ትንሹን መጥቼ አየዋለሁ፤ ያኛው ብረት ነው፣ ይሄኛው ቀለም ነው። ሁለት ሳምንት አለቀ። አሳይታ በዓይኔ ላይ መጣች።

ሁመድ የሚባል አፋር የግመል ወተት ያመጣልን ነበር። አብሮን የኖረ ያህል ነው፤ ወተቱን ይገለብጣል፣ ሻይውን በአምስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፣ ወሬ ይጠይቃል። አንድ ጠዋት ሳፋውን ገልጬ ተክዤ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ ታሟል» አለ።

«ምን ሆኖ?»

«ሁሉ ቦታ አንድ ነው። ብረት አንድ አይደለም።»

ከወገቡ ጊሌውን መዘዘ፤ አፋር ያንን ጩቤ ሲመዝ ሰው ይደነግጣል፣ እኔም ሁመድን ባላውቀው እጮህ ነበር። ስለቱን አግድሞ በፊቴ ያዘው። «እይ። ላይ ምን አለ?»

አየሁ። የስለቱ የላይኛው ወገን ነጣ ብሎ ሰማያዊ ነው።

«ታችስ?»

የታችኛው ወገን ቡናማ ነው። መሬቱ ነው። መሐል ላይ የሁመድ ሽርጥ እንደ ነጭ መስመር ያልፋል።

«ብረት ቀለም የለውም» አለ ሁመድ። «ፊቱ የቆመውን ነው የሚያሳይ። አንቺ ሰማይ አልሰጠሽውም፤ መሬትም አልሰጠሽውም።» ጊሌውን ከተተና ሁለተኛ ሻይ ጠየቀ። እንኳን ሁለተኛ፣ አሥረኛም እሰጠው ነበር!

ሮጬ ወደ ሐዲዱ ሄድኩ። ወላሂ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳፈጥበት የኖርኩትን ፉርጎ ያን ጠዋት ገና ማየቴ ነበር። ጀርባው ላይ ሰማይ ተኝቷል። ሆዱ ሥር የሐዲዱ ጠጠርና አፈር አለ። ላሜራው ከላሜራው ይለያል፤ አንዱ ፈዘዝ፣ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ የሰው እጅ የሚነካው ቦታ ላይ ወዝ ያለው። ከቧንቧው በታች የአዋሽ ውኃ ጨው ነጭ መስመር አስምሯል።

በቀሩት ቀኖች ያየሁትን ሠራሁ። ብሩ ላይ ጥፍር የማትሞላ ሰማያዊ ጨምሬ ጀርባውን፣ ጥፍር የማትሞላ ቡናማ ጨምሬ ሆዱን። አንዱን ላሜራ ከሌላው ለመለየት የእርሳስ እምብርት ፈጭቼ በጣቴ እያሸሁ አጠቆርኩ። መገጣጠሚያውን በመርፌ ጫፍ አሰመርኩ። ከቧንቧው በታች ጠመኔ በውኃ በጥብጬ አወረድኩ። በመጨረሻው ቀን ሁመድ መጥቶ አየው፤ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ኳ ሊያደርገው ሲል እጁን ያዝኩት። ያን ቀን ስንት ጊዜ አልሐምዱሊላህ እንዳልኩ! ሼፍ ታደሰ በማግስቱ በጠዋቱ ባቡር ይመጣል፤ አረፋ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ነው የቀረው።

በኛ ቤት አረፋ ከመድረሱ በፊት የሚታጠበው መዓት ነው። የእናቴ ኩራት የአልሙኒየም ዕቃዋ ነበር። ድስቱ፣ ጎላው፣ ትሪው ሁሉ ግቢ ይወጣል፤ አመድና አሸዋ ቀላቅላ ፊቷን እስኪያሳያት ድረስ ትፈትጋለች። የጎረቤት ሴቶች «የሐዋ ድስት መስታወት አያስፈልገውም» ይሏት ነበር። ያን ከሰዓት እኔ ለበዓሉ ስኳር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ የታጠበው ዕቃ በሰሌን ላይ ተደርድሮ ይደርቃል። ፉርጎውን የምከድንበት ሳፋም አለ፤ ውኃ ተሞልቶበት። ከጎላውና ከትሪው መሐል ደግሞ የእኔ ፉርጎ ተቀምጧል።

በአንድ ጎኑ ምንም አልሆነም። በሌላው ጎን ቀለም የሚባል የለም። ብሩ፣ ጥቁሩ፣ ጀሶው ሁሉ ሄዶ ነጩ እንጨት አግጦ ይታያል።

እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እጇ አመድ ውስጥ ነው። «ከዕቃው ጋር ነበር» አለች፣ ያቺኑ ብቻ። ምን ይባላል? ለእናት ምን ይባላል? ፉርጎውን አንስቼ ወደ ጥግ ሄድኩ። ጀሶ አወጣሁ፣ ኮላ አወጣሁ፣ መለወስ ጀመርኩ። እስከ ጠዋት እንደማይደርቅ አውቃለሁ። እጄ ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረው ነው።

በማግስቱ ሼፍ ታደሰ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሻይ አዘዘ። «እሺ፣ የታለ?» አለ። አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። አንዱ ጎን ብረት፣ አንዱ ጎን ያልደረቀ ጀሶ። አባቴ ባንኮኒውን ደጋግሞ ይወለውላል። ሼፉ ያልተነካውን ጎን ወደ በሩ ብርሃን አዞረ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ገለበጠው።

«ይሄስ ምንድነው?»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። እንግዳ ፊት ቀርባ የምታወራ ሴት አልነበረችም። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«እኔ ነኝ ሼፍ፣ ያበላሸሁት። ልጅቷ የለችበትም። የአረፋ ዕቃ ሳጥብ ከድስቴ ጋር አገኘሁት፤ ፈዘዝ ያለ አልሙኒየም መሰለኝና በአመድ ፈተግሁት። እንጨቱ ሲወጣ ነው ደንግጬ የተውኩት።»

ሼፍ ታደሰ አንዴ እሷን፣ አንዴ ፉርጎውን አየ። ከዚያ ሳቅ ጀመረው። ሆዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ሳቀ። «ስንት ዓመትዎ ነው ድስት ሲያጥቡ?» አላት።

«ከተወለድኩ።»

«አይ እንግዲህ! ዕድሜዋን ሙሉ አልሙኒየም የፈተገችን ሴት ካሳሳተ፣ እኔ ማን ነኝ?» ወደ አባቴ ዞረ። «አቶ ሰዒድ፣ በዓልዎን በሰላም ያክብሩ። ከበዓሉ በኋላ ልጅቷን በመጀመሪያው ባቡር ይላኩልኝ።»

አባቴ ቃሉን አላጠፈም። አረፋ አልፎ በሦስተኛው ቀን ድሬዳዋ ገባሁ። እዚያ ያየሁትን ክፉና ደግ ብናገር አያልቅም፤ የመጀመሪያዋ ሴት ቀቢ ተብዬ ስንት ሰው እንደሳቀብኝ፣ ሼፍ ታደሰ ስንት ጊዜ ጣሳ እንደወረወረብኝም እንዲሁ። ባቡሩ እየተዳከመ ሲሄድ ሥራውን ለቀቅሁና ወደ ሰመራ መጣሁ። ከአሳይታ እዚህ ድረስ በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? ሰው የሸሸበት አጠገብ መጥቶ ይከትማል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን «ማን አስተማረሽ?» ላለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ «ባይገርምህ የገዛ እናቴን ያሳሳትኩ ቀቢ ነኝ!» እልና ታሪኩን እዘረግፋለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን እዚህ አመጣኋት። በመጨረሻዎቹ ዓመቶቿ አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ ያንኑ ፉከራዬን ፎከርኩ። እንግዳው ሲወጣ እናቴ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ማራገቢያውን እያየች «ያንን ወሬ አሁንስ ተይው» አለችኝ።

«ለምን እማ?»

«እንጨት መሆኑን አውቄ ነበር። ሳነሳው ቀለለኝ። እጄ የድስት ክብደት አያውቅም ብለሽ ነው?»

ሳልጠይቃት ቀጠለች። «አሳይታ ወንድሜ አለ። ድሬዳዋ ማን ነበረሽ? አንዲት ሴት ልጅ ነበርሽኝ። ሰውየው ይመለስ፣ አንቺ እዘመድ ዘንድ ቅሪልኝ ብዬ ፈተግሁት።»

«ታዲያ ለሼፉ ለምን እንደዚያ አልሽው?»

«ብትጮኺብኝ እኮ ዝም እል ነበር። አልጮኽሽም። እዚያ ጥግ ቁጭ ብለሽ ጀሶ ስትለውሺ አየሁሽ። ያኔ ወንጀሌ ታየኝ።»

ተቆጣሁ፤ አልዋሽም። ሁለት ቀን በቅጡ አላናገርኳትም። የቆጨኝ ምኑ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ፉርጎዬን ማበላሸቷ አይደለም፤ ያ ቆይቷል። የቆጨኝ ፉከራዬ ነው። ዕድሜ ልኬን የተመካሁበት ሥራ ማንንም አላሳሳተም ማለት ነው። ሼፍ ታደሰ ያን ያልተነካ ጎን ብቻ አይቶ ምን ሊል እንደነበር አላውቅም፤ እሱም ሞቷል፣ የምጠይቀው የለም። በሦስተኛው ቀን ሻይ አፍልቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩት። በአመድና በአሸዋ ሲፈትግ የኖረ መዳፍ ነው፤ አርጅቶም አልለሰለሰም።

እናቴ ከሞተች ዓመት ሞላት። ለአውሮፕላኑ ባለቤት ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ለደንበኛ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ብረት አስመስዬ ብዙ ነገር ቀብቻለሁ፤ አንዳንዱ በእርግጥ ሰው አሳስቷል፣ ያን ያህል እጅ አለኝ። እንጀራዬን ያገኘሁት ግን ሰው ፊት ቆማ በማታውቅ ሴት አንድ ውሸት ነው። በሶላቴ መጨረሻ ሁልጊዜ ዱዓ አደርግላታለሁ። ለፉርጎው «አውፍ ብያታለሁ፣ አንተም ማራት» እላለሁ። ለውሸቷ ግን ምሕረት አልለምንላትም፤ ያ ከመልካም ሥራዋ ጋር እንዲጻፍላት ነው የምለምነው።